ክዳን የሌለው ገንዳ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ሐዋሳስ ተስማማችሁ? ይህን ለመጠየቅ አንድ ዓመት ከሦስት ወር መፍጀቴ ያሳፍረኛል። በ2016 ሐምሌ ሁለት ጊዜ ደውለሽልኝ አላነሣሁም። ከዚያ በኋላ መልሼ ለመደወል ፊት አጣሁ፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ደግሞ ነገሩ እየከበደኝ ሄደ።

ባለፈው እሑድ እህትሽን ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አገኘኋት። ለትንሿ ልጅሽ አዲስ የዓሣ ገንዳ እንደገዛሽላት ነገረችኝና ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። ገንዳው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ውኃው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ክዳን የለውም። ሌሊቱን እሱን ሳስብ አደርኩ። ዝም ማለቱን የማልችለው እዚህ ላይ ስለሆነ የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ።

ስትሄጂ አደራ ብለሽ ከሰጠሽኝ ስድስት ዓሣዎች መካከል ቀዩ ወንድ፣ ያ የጅራቱ ጫፍ እንደ ሰይፍ የሾለው፣ ልጅሽ «ንጉሡ» እያለች የምትጠራው፣ ሞቷል። ታሞ አይደለም የሞተው። ከገንዳው ዘሎ ወጥቶ ወለሉ ላይ ነው።

ክረምቱ እንደምታውቂው ነው። የዚያን ዕለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሼ ጥቂት አነበብኩና ተኛሁ። የሳሎኑን መብራትም የገንዳውንም ማጥፋት አላሰብኩም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ መብራት ሲመጣ ቤቱ በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። ባነንኩ። ከሳሎን በኩል ጧ የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ የጎረቤት ድመት ትሆናለች ብዬ መልሼ ተኛሁ። ጠዋት ሲኒ ላወጣ ብፌው አጠገብ ጎንበስ ስል አየሁት። ያ ደማቅ ቀይ ደብዝዞ የሸክላ ቀለም ይዟል። ከገንዳው ሥር እስከ ብፌው እግር ድረስ እየተንፈራገጠ መሄዱን አቧራው ላይ የቀረ የደረቀ መስመር ይናገራል፤ አንድ ሜትር ይሆናል። ዓሣ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑ እንደተከፈተ ነበር። ጧ ያለው እሱ ነበር እህቴ። ያኔ ተነሥቼ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። ይህ ነው ስልክ እንዳላነሣ ያደረገኝ፤ አደራ በላ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ ለምን እንደሚዘል ሳጠና ከረምኩ። ረጅም ዘመን ዓሣ ያረቡ አንድ አባት ቤት እየሄድኩ ጠየቅኩ፤ ያገኘሁትንም አነበብኩ። የእኛው ቀይ ዓሣ ዘር ከሜክሲኮ እስከ ሆንዱራስ ባሉ ወንዞችና ጅረቶች ውስጥ የሚኖር ነው። እዚያ ሲያሳድዱት ወይም ያለበት ውኃ ሲበላሽበት ዘሎ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የሚያርፈውም ውኃ ላይ ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ መሆኑንና ከጠርዙ ወዲያ ያለው የሲሚንቶ ወለል መሆኑን በምን ያውቃል?

በዚያች ሌሊት ንጉሡን ለመዝለል የሚገፋፋው ነገር ሁሉ ተደራርቦበት ነበር። አየር የሚነፋው ፓምፕ ሰባት ሰዓት ሙሉ ቆሟል። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እኛ ዘንድ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ 6 ሚሊግራም ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም የእኛ ዓሣዎች ቶሎ ይታፈናሉ፤ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ውኃው ገጽ ላይ እየከፈቱ ይቆማሉ። እንዲያ ከጠርዙ ሥር ተሰብስበው እያለ ነው እንግዲህ ብርሃኑ ድንገት የበራባቸው። ከጨለማ በአንድ ጊዜ ወደ ብርሃን መውጣት ዓሣን ክፉኛ ያስደነግጠዋል።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ደግሞ የእኔው ሥራ ነው። ከዚያች ሌሊት አንድ ወር ቀደም ብዬ፣ ከሴቶቹ መካከል ብቸኛ ወንድ እንዳይሆን ብዬ ሌላ ወንድ ገዝቼ ጨምሬበት ነበር። ወንዶቹ እርስ በርስ እንደሚባረሩ አላውቅም ነበር። አዲሱ ጉልበተኛ ወጣና ንጉሡን ከማጣሪያው ጀርባ አላስወጣው አለ። ሳየው የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል። ክዳኑም ቢሆን ዕቃ ስናጓጉዝ ከተሰበረ ጀምሮ ነገ አሠራዋለሁ እያልኩ ነው አምስት ወር ያለፈው።

የጉልበተኛውን ዓሣ ነገር ቶሎ ጨረስኩት፤ ለአንድ ጎረቤት ሰጠሁት። የቀሩት አምስቱ ደህና ናቸው፤ ሴቶቹም ወልደዋል።

በመጋቢት ግን ሌላ ድንጋጤ ገጠመኝ። ውኃ ልቀይር ክዳኑን አንሥቼ ባልዲ ላመጣ ዞር እንዳልኩ አንዷ ሴት ዘላ ወጣች። በዚህ ጊዜ ግን ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። በደረቅ እጅ ሲነኩት ገላውን የሸፈነው ልጋግ ይላጥና ቁስልና በሽታ ይገባዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እጄን እዚያው ገንዳው ውስጥ ነከርኩ። አነሣኋት። ፀጉርና አቧራ ተጣብቆባት ነበር። በጣቴ አላሻሸሁትም፤ በገንዳው ውኃ በሞላ ሳህን ውስጥ ቀስ ብዬ ሳንቀሳቅሳት ራሱ ለቀቀ። ከዚያ አረፋው በሚወጣበት በኩል መለስኳትና መብራቱን አጠፋሁት። ዓሣ አየር ላይ ሲወጣ የስንጥቡ፣ ማለትም የመተንፈሻው፣ ክሮች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ አየር መካከል ሆኖ የሚታፈነው ለዚህ ነው። እርጥበቱ እስካለ ድረስ ግን ተስፋ አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል በጎኗ ተኝታ ስንጥቧን ብቻ ስታንቀሳቅስ አጠገቧ ተቀምጬ ቆየሁ። ከዚያ ቀና አለች። ማታ ላይ ምግብ በላች። በእውነት አለቀስኩ።

አሁን ስለ ክዳኑ ልንገርሽ። መጀመሪያ ኮምፖርሳቶ አስቆርጬ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በእንፋሎቱ አብጦ ተጣመመ። ቀጥሎ የመስኮት መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄጄ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በልክ አስቆረጥኩ፤ ጠርዙን በደንብ አስሞረድኩት። ውኃው እንዳይተን ይጠብቃል። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ከላይ ያለው አየር ይታመቃል፤ ክረምት ላይ ይህ አላስደሰተኝም። ያረካኝ ሦስተኛው ነው። የአሉሚኒየም መስኮትና በር የሚሠሩ ልጆች ለትንኝ መከላከያ የሚገጥሙት ፍሬም አለ አይደል? እሱን በገንዳው ልክ አሠራሁት። መረቡ የሽቦ እንዳይሆን፤ የሽቦው ይዝጋል፣ የሚንጠባጠበውም ጠብታ ወደ ውኃው ይመለሳል። የፋይበሩን በይ። አየር እንደ ልብ ያስገባል፣ ብርሃንም ያሳልፋል፣ ዓሣው ቢዘል እንኳ አይቆርጠውም፤ ነጥሮ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማዕዘኑ ላይ ነው። የማጣሪያው ቱቦና የፓምፑ ገመድ እንዲያልፉ ተብሎ ክፍት ይተዋል፤ ዓሣው ደግሞ የሚያገኘው እሷኑ ነው። በሁለት ጣት ስፋት ቀዳዳ እንኳ ይወጣሉ። እኔ ስፖንጅ ቆርጬ በቱቦው ዙሪያ ወትፌበታለሁ።

የአንቺው ገንዳ እስኪከደን ድረስ ዛሬውኑ ሰባት ስምንት ሴንቲሜትር የሚሆን ውኃ ቀንሺለት። የምትጨምሪው የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ሳትከድኚ አንድ ቀን ሙሉ አሳድሪው፤ ክሎሪን ስንጥባቸውን ያቃጥላቸዋል፣ የሚያቃጥላቸውን ሲሸሹም ይዘላሉ። ገንዳው አዲስ ስለሆነ ቆሻሻውን የሚያብላላው ባክቴሪያ ገና አልበረከተም፤ ከቆሻሻው የሚወጣው መርዝ፣ አሞኒያው፣ እንዳይጠራቀም ምግብ ቀንሺ፣ በየጥቂት ቀኑም ሩብ ያህሉን ውኃ ለውጪ። ከመስኮቱም አንሺው። ሐዋሳ ሞቃት ናት፤ ፀሐይ የመታው ውኃ ሲሞቅ ኦክስጅኑን ይለቃል። ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ብታገኚ ጥሩ ጥላ ይሆናቸዋል፤ ጥላ ያለው ዓሣ ብዙም አይደነግጥም። ማታ ደግሞ መጀመሪያ የገንዳውን መብራት አጥፊ፣ የክፍሉን ቆየት ብለሽ። ጠዋት በተቃራኒው፤ መጋረጃውን ገልጠሽ ቤቱ ሲነጋ ከዚያ የገንዳውን አብሪ። መብራት ሲጠፋ የክፍሉንም የገንዳውንም መብራት ከማብሪያው ማጥፋት እንዳትረሺ።

ለትንሿ ልጅሽ የንጉሡን ነገር እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ። ከንጉሡ ልጆች መካከል አንዱ ወንድ ሆኖ ጅራቱ መሹል ጀምሯል፤ ቀለሙም ቁርጥ አባቱን ነው። ለእሷ ነው ያስቀመጥኩት። ለገና አዲስ አበባ ትመጣላችሁ ብላኛለች እህትሽ፤ እውነት ከሆነ ስትመለሱ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን የገንዳሽን ርዝመትና ስፋት ለክተሽ ጻፊልኝ። ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ፣ በሴንቲሜትር። ቱቦውና ገመዱ በየትኛው ማዕዘን እንደሚያልፉም ጨምሪልኝ። አሉሚኒየም የሚሠሩት ልጆች ዘንድ ክዳኑን አሠርቼ በሚቀጥለው ሳምንት በአውቶቡስ እልክልሻለሁ።

ይቅር በይኝ።

ያንቺው፣
የድሮ ጎረቤትሽ