ለልጆቻችን ሆድ የሚሆን ቀጭን ካሜራ እንግዛ

ሰላም ጎረቤቶቼ፣ የእድራችን አባላት፣ ውጭ ያላችሁ ልጆቻችንም። ዛሬ የማነሳው ጮክ ብለን የማናወራው ነገር ነው፦ ስለ ወንድ ልጆች የዘር ፍሬ።

ባለቤቴ ልጃችንን ስታጥበው ነው ያየችው፤ በግራ በኩል ከረጢቱ ባዶ ነው። "ብርድ ሸሽቶ ነው፣ ሲያድግ ይወርዳል" አሉን እናቶች። አልተሳሳቱም፣ የአንዳንዱ ልጅ በብርድ ይሸሽና ሲሞቀው ይመለሳል። የእኛ ግን አልተመለሰም። በጊዜያቸው ከሚወለዱ 100 ወንዶች 3 ያህሉ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ፣ ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ደግሞ ይብሳል። የአብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ ይወርዳል። 6 ወር ካለፈው ግን አትጠብቁ። ፍሬው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ሆድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ዘር የማፍራት አቅሙ ይጎዳል፣ ኋላ ላይ ለካንሰር የመጋለጡ ነገርም ይጨምራል። ሐኪሞች ፍሬውን የማውረጃው ቀዶ ጥገና ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ እንዲሠራ የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ብሽሽት ላይ ከተዳሰሰ ቀላል ነው። ከ5ቱ የአንዱ ግን አይዳሰስም፣ የልጄም እንደዚያ ነበር። ሰርጀኑ እጁን አሽቶ አሞቀና ልጁን ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ ከዳሌው አጥንት ወደታች ቀስ እያለ ዳበሰው። ምንም የለም። አልትራሳውንዱም "አልታየም" አለ። እኔማ በቃ የለውም ብዬ ነበር። ሰርጀኑ ግን አልትራሳውንድ ሆድ ውስጥ ያለውን ሊያጣው ይችላል፣ ቁርጡ የሚታወቀው በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም ቀጭን ካሜራ ሆድ ውስጥ አስገብቶ በማየት ነው አለኝ።

ልጁ ማደንዘዣ ተሰጥቶት መጀመሪያ እንደገና ይዳበሳል፤ ጡንቻው ሲላላ ፍሬው እጅ ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ካልተገኘ እምብርቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሆዱ በጋዝ በስሱ ይነፋል፣ ካሜራው ይገባል። ሐኪሙ ወደ ፍሬው የሚሄደውን የደም ሥር ነው የሚከተለው። ሥሩ ሆድ ውስጥ ተቋርጦ ከቀረ ፍሬው ልጁ ሳይወለድ ጠፍቷል ማለት ነው፣ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። ወደ ብሽሽት ከገባ እዚያ ይፈለጋል። ፍሬው ሆድ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ በዚያው ቀን ይወርዳል፤ ሥሩ አጭር ከሆነ ሥራው በሁለት ዙር፣ በመሀል 6 ወር ያህል ተጠብቆ ይሠራል። አዲስ ሙከራ አይደለም፣ በፈረንጆቹ ከ1976 ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው።

የልጄ ሆዱ ውስጥ፣ ወደ ብሽሽት መውጫው አጠገብ ተገኘ። በአንድ ቀን ወረደ። አሁን እምብርቱን ገልጬ ጠባሳውን ብፈልግ አላገኘውም። ግን የእናቱን ወርቅ ሸጠን በግል ሆስፒታል ነው ያሠራነው፣ ያንን ደግሞ ሁሉም ቤት አይችለውም። ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ሰርጀኖቹ እውቀቱ አላቸው። ማሽኑም አለ፣ ለአዋቂ። የ1 ዓመት ሕፃን ሆድ ውስጥ የሚገባው ባለ 5 ሚሊሜትር ካሜራና ባለ 3 ሚሊሜትር ቀጫጭን መሣሪያ ነው የሌለው። በዚህ ምክንያት ልጆች በትልቅ ቁርጥ ይፈለጋሉ፣ አንዳንዱ ተቆርጦም የሚገኝ ነገር የለም። ይሄ ያንገበግበኛል።

እናም የልጆቹን ካሜራ ከነመሣሪያው ገዝተን ለሆስፒታሉ እናስረክብ። የእድሩ ኮሚቴ ተስማምቷል። ገንዘቡ በእድሩ ሒሳብ ነው የሚገባው፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የተሰበሰበውም የወጣውም በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። መቶ ብርም ብትሆን አምጡ። ውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ። በሕክምና ዕቃ ንግድ ላይ ያላችሁ ደግሞ ዋጋ በማጣራት እርዱን፣ በዚህ በኩል ሰው በጣም ያስፈልገናል።

ሕፃን ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሞቅ ባለ ውሃ ስታጥቡት እዩለት። ሁለቱም ከሌሉ ደግሞ 6 ወር እንኳ አትጠብቁ፣ ነገውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።