የባዮሎጂ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ፦ ማስመሪያ የምታክለዋ ሸረሪት

ዘንድሮ ስታፍ ውስጥ "ደሞ ሸረሪት ምን ይሰራላችኋል" ተብለን ብዙ ተስቆብናል፣ ግድ የለም። በየሁለት ሳምንቱ አርብ ተሰብስበናል፣ ቃለ ጉባኤው አለ፣ ማየት የፈለገ ይምጣ።

ነገሩን ያመጣው አንድ ልጅ ነው፣ ስለ ላኦሷ አዳኝ ሸረሪት አንብቦ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ነው ለሳይንስ የታወቀችው፣ እግሯ ሲዘረጋ እስከ 30 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው ማስመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ነው፣ ሰውነቷ ግን 4.6 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ሌላው ሁሉ እግር! ልጆቹ በሽቦ ሰርተዋት ለወላጆች ቀን ስናቆማት አንዲት እናት "በስመአብ" ብለው ወደኋላ ሲሉ ወንበር ተሰበረ (አሰርተነዋል)።

ከዛ ዘጌ ሄድን። ለጀልባው ልጆቹ ናቸው ከኪሳቸው ያዋጡት፣ ይሄ ይሰመርልኝ። ቡና የጠጣንበት ቤት ጆንያ ሲነሳ ግድግዳው ላይ አንዷ ልጥፍ ብላለች፣ የላኦሷ ዘመድ፣ መሀል የተቆላ ቡና መልክ ያላት፣ ጠፍጣፋ፣ እግሮቿን እንደ ሸርጣን ወደ ጎን የዘረጋች። "ትሸናብናለች" ብሎ ጫማውን ያወለቀም ነበር። ስሟ ሲጠራ እንኳን በአንገቷ የምትመልስ የ10ኛ ክፍል ልጃችን መሀል ገብታ "ተዉ! የያዘችውን አታዩም?" አለች። ሆዷ ስር የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ነጭ የእንቁላል ከረጢት አቅፋለች ለካ። ልጅቷ ማስመሪያዋን ቀስ አድርጋ አስጠጋች፣ 9 ሳንቲሜትር። ከዛ ዓይኖቿን ጮክ ብላ ቆጠረች፣ አራት አራት በሁለት ረድፍ፣ ስምንት። እኔ ያን ቀን ነው ድምጿን በደንብ የሰማሁት፣ እውነቴን ነው እንባዬ መጥቶ ነበር።

እነዚህ ሸረሪቶች ድር ዘርግተው አይጠብቁም፣ በረሮውን ሮጠው ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ "ድር ቢያብር" እነሱን አይመለከትም።

ያልተሳካውም አለ፣ የፎቶ ኤግዚቢሽኑ ቀረ፣ ሁለተኛው ጉዞም በጀት የለም ተብሎ ቀረ፣ ለማልያ ግን ተገኝቷል። ለ34 ልጅ ያለን ማጉያ መነጽር አንድ ነው፣ እሱም የኔ። አምስት ቢገዛልን ለሚቀጥለው ዓመት ይበቃናል። ማይክሮስኮፑማ አለ፣ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ካለ ላብራቶሪ አለሁ።