ካለቀ በኋላ የምንጠራበት ምርጫ፦ ለሴናተር ክሪስ ቫን ሆለን ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሴናተር፣

የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎት። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ አንድም ምርጫ ያላለፈኝ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነኝ። ድምፄን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። የመቀመጫዎ ምርጫ የሚደረገው በ2028 ነው። አሁን የምጽፍልዎት ቀኑ ሲደርስ ጩኸቱ ስለሚበዛና የእኛ ድምፅ ስለሚዋጥ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ለሴኔት የተመረጡት የመጨረሻው ሪፐብሊካን ቻርልስ ማቲያስ ናቸው፤ ያውም በ1980። ሁለት ጊዜ ገዥ የሆኑት ላሪ ሆጋን እንኳ በ2024 ለሴኔት ቀርበው ከ10 ነጥብ በላይ ተበልጠዋል። እርስዎ በ2022 ከ65 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተዋል። መጀመሪያ በተመረጡበት በ2016 ግን ብርቱው ፉክክር ከዶና ኤድዋርድስ ጋር ያደረጉት፣ ፓርቲዎ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩውን የለየበት ቅድመ ምርጫ ነበር። በእኛ ግዛት ሴናተር የሚለየው በዚያ ቀን ነው፤ በኖቬምበር የምንሄደው ያለቀውን ለማጽደቅ ነው።

በዚያ ቀን ደግሞ ብዙዎቻችን ውጭ ነን።

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የመራጭነት ቅጽ ለሚሞሉ ሰዎች እረዳለሁ። አንድ እሑድ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስማቸውን፣ የትውልድ ቀናቸውን፣ አድራሻቸውን በጥንቃቄ ጻፉ። ፓርቲ ምረጡ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው ቆመ። «ልጄ፣ እኔ የማንም አባል አይደለሁም» አሉኝ። ወንድማቸው በቀይ ሽብር ዘመን ከቤት የተወሰደው ስሙ በአንድ መዝገብ ላይ ስለተገኘ ነው። እዚህ አገር ፓርቲ መምረጥ ቃለ መሐላም መዋጮም እንደሌለው አስረዳኋቸው። ሰሙኝ፤ ግን ያለ ፓርቲ የሚለውን ሳጥን ምልክት አደረጉ። እኔም ከዚያ በላይ ልጫናቸው አልደፈርሁም።

የቅድመ ምርጫው ዕለት ማለዳ ተነሥተው ሄዱ። የተሰጣቸው ወረቀት የትምህርት ቤት ቦርድ ዕጩዎችን ብቻ የያዘ ነበር። ሴናተር የለ፣ ገዥ የለ። የተሳሳቱ መስሏቸው ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። ማንም አልበደላቸውም፤ ሕጉ ነው፤ በቅድመ ምርጫ የፓርቲ ዕጩ የሚመርጡት በዚያ ፓርቲ የተመዘገቡት ብቻ ናቸው። ፓርቲ መቀየርም የሚቻለው ቅድመ ምርጫው ሦስት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ ነው።

ከሜሪላንድ መራጮች ከአምስቱ አንዱ ያህል ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ነው። የግዛቱ ሕግ ፓርቲዎች ከፈለጉ በቅድመ ምርጫቸው እነዚህን ሰዎች እንዲያሳትፉ ይፈቅዳል። ፓርቲዎ በሩን እንዲከፍት በይፋ ይጠይቁልን። የእርስዎ ቃል በግዛታችን ዋና ከተማ በአናፖሊስ ክብደት አለው።

ሁለተኛው ጉዳይ በቀጥታ በእጅዎ ያለ ነው። በ1975 በድምፅ መብት ሕጉ ላይ የተጨመረው 203ኛው አንቀጽ የቋንቋ እርዳታ የሚገባቸውን ሲዘረዝር ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ተወላጆችን፣ የአሜሪካ ሕንዶችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ይጠራል። የአፍሪካ ቋንቋ በውስጡ የለም። ብንበዛ ባንበዛ፣ ሕጉ እኛን መቁጠር አይጀምርም። በምንኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የምርጫው ወረቀት በስፓኒሽ ይቀርባል፤ ደግ ነው፣ ይገባቸዋልም። ኢስተርን አቬኑን ተሻግረን ዋሽንግተን ዲሲ ስንገባ ደግሞ፣ ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አንድ መንገድ ስንሻገር የምንነበብ፣ ስንመለስ የማንነበብ ሰዎች ሆነናል።

ረዳት ይዞ መግባት እንደሚፈቀድ አውቃለሁ። ነገር ግን አንዲት እናት ማንን እንደመረጡ ለልጃቸው ሳይናገሩ የሚመርጡበት መብት ከሌላቸው ድምፃቸው ምስጢር አይደለም። ከእኛ ውስጥ በድምፅ ምስጢርነት ቀልድ የሚያውቅ የለም፤ ያልነበረበትን አገር አይተናል። ስለዚህ አንቀጹ ቋንቋችንን እንዲያቅፍ የሚያሻሽል ረቂቅ ያቅርቡ።

በስህተት ለተባረረ አንድ የሜሪላንድ ነዋሪ ብለው በኤፕሪል 2025 ኤል ሳልቫዶር ድረስ ሄደዋል። ድምፅ ፍለጋ እንዳልነበር አምናለሁ። መቀመጫው የማይነቃነቅ ሰው ሌላው የሚፈራውን ሊደፍር ይችላል፤ እርስዎም ደፍረዋል። የምለምንዎት ያንኑ ድፍረት ነው።

ዳግም የሚወዳደሩ ከሆነ፣ ከኖቬምበሩ ሳይሆን ከቅድመ ምርጫው በፊት፣ መመዝገቢያው ሳይዘጋ ወደ እኛ ይምጡ። ለሲልቨር ስፕሪንግ እንግዳ አይደሉም፤ ከ2003 እስከ 2017 በተወካዮች ምክር ቤት ወክለውናል። አስተርጓሚ እኛ እናዘጋጃለን። እኚያን እናት ከፊት ወንበር አስቀምጣቸዋለሁ፤ የሚጠይቁዎት ጥያቄ አላቸው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ መራጭ