ዶሮውም ዳማውም

ይድረስ ለወንድሜ ታዴ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ዝምታው በዛ። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ስንገናኝ እንከራከርበታለን።

ብዕር ያስነሳኝ አንድ ወሬ ነው። 60 ሞልቶህ ጡረታ ልትወጣ ነው አሉ። «ቁጭ ብዬ ዳማ ከምጫወት ዶሮ አረባለሁ፤ እሱ ቢያንስ ጥቅም አለው» ብለሃልም አሉ። እኔን ለመንካት ካልሆነ መቼም!

እኔ ጋ ሁለቱም አሉ። እዚህ ጣፎ ዳር ግቢዬ ጥግ ላይ ዶሮዎች አሉኝ። ከበሩ ወጣ ስል ደግሞ ሱቁ በረንዳ ላይ ዳማ አለ።

ዶሮ ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። በጠዋት እጅህን ሰደድ አድርገህ ገና ያልበረደ እንቁላል ስታወጣ የሆነ ሰው የሆንክ ይመስልሃል። ግን የ45 ቀን ጫጩት ገዝተህ እንቁላል እስኪጥል ዕድሜው አምስት ወር ገደማ መድረስ አለበት። እስከዚያ ሥራው መኖ መጨረስ ነው። ክትባት ረስተህ ፈንግል ከገባ በቀናት ውስጥ ባዶ ቤት ሊያስታቅፍህ ይችላል። ይህን ሁሉ አልፈህ መጣል ሲጀምሩ ደግሞ ሁዳዴ ከች ይላል። ዶሮ አይጾምም! 55 ቀን ሙሉ አንተ ትሰበስባለህ፣ ግማሹ ሰፈር ሽሮ ላይ ነው። ያኔ ደብተር ትገዛለህ። መኖ ይህን ያህል፣ መድኃኒት ይህን ያህል። መዝናናቱ እዚያ ላይ አበቃ። ከመሥሪያ ቤት ወጥተህ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባህ ማለት ነው።

ዳማው ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ነው። ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤ የአንዳችን ፊቱን፣ የሌላችን ጀርባውን ይገለበጣል። አንድ የባጃጅ ሾፌር አለ፣ ልጄ ይሆናል በዕድሜ። ሲበላህ ዝም ብሎ አይበላም። ቆርኪውን ጧ አድርጎ ያስቀምጥና «ጋሼ፣ ይቺን ለልጅ ልጅ ይንገሯት!» ይላል። ሌላ ቦታ እንዲህ ቢለኝ እንጣላ ነበር።

በነገራችን ላይ መኖ የት እንደሚረክስም፣ ማን እንደሚከትብም የሰማሁት እዚያው በረንዳ ላይ ነው። አየህ፣ እኔም ለዳማ ጥቅም ልፈልግለት ጀመርኩ! ይህ አመል ነው የሚያናድደኝ። ጨዋታ ሁሉ ደረሰኝ ይቁረጥ ያለው ማነው? ገበጣን አስበው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ከመቶ በላይ ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ መሬት ቦርቡሮ በጠጠር ሲቆጥር ያን ሁሉ ብልሃት የፈጠረው ሊሸጠው ነው? ደስ ስላለው ነው፣ አለቀ።

ስለዚህ ዶሮውን አትተው፣ ግን ለቤትህ የሚበቃ አምስት ስድስት ይሁን፤ ደብተሩ ይቅር። ጫጩቶቹን በገና ሰሞን ግዛ፤ ለፋሲካ አካባቢ መጣል ይጀምራሉ። ዳማውን ደግሞ ስትመጣ እናያለን። የባጃጁን ልጅ ነግሬዋለሁ፣ እየጠበቀህ ነው።

እትዬንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። ስልክ ስደውል ደግሞ አንሳ!

ወንድምህ