ሀዲዱን ቀጥ ብለህ ተሻገር

ይድረስ ለልጄ፣

ትናንት እህትህ ደውላ ነገረችኝ። ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ሰፈር ላይ ከሳይክል ወድቀህ ክንድህ ተሰፍቷል አለችኝ። ለምን ደበቅከኝ? ሌሊቱ ሳልተኛ ነጋ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈህ፣ የኔ ጌታ።

ፒ ስትሪት ላይ ያለው የድሮ ትራም ሀዲድ ነው የጣለው ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ። የ7 ዓመት ልጅ ሆነህ፣ ከትምህርት ቤት ወስጄህ በዚያው መንገድ ስናልፍ «አባዬ፣ ይሄ ብረት ምንድን ነው?» ብለኸኝ ነበር። ቤት ጥዬህ ወደ ታክሲ ሥራዬ ልመለስ ቸኩዬ ነበር። «ቆይ፣ እነግርሃለሁ» አልኩህ። ሳልነግርህ 20 ዓመት አለፈ።

ስማኝ፤ ሀዲዱን ቀጥ ብለህ ተሻገር። በጎኑ አትጠጋው፣ ጎማ ይውጣል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ውረድና ሳይክልህን እየገፋህ እለፍ።

ዋሽንግተን ውስጥ ትራም የተጀመረው በ1862 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ፈረስ ነበር የሚጎትተው። ኋላ ኤሌክትሪክ መጣ። ኮንግረስ ግን መሀል ከተማ ላይ ሽቦ ከላይ እንዳይዘረጋ ከለከለ። ስለዚህ የኤሌክትሪኩን መስመር መሬት ውስጥ ቀበሩት። በሁለቱ ሀዲዶች መሀል ያለችውን ቀጭን ክፍተት አይተሃታል? ትራሙ ከሆዱ ሥር በሚወርድ ብረት በእሷ በኩል ነበር ኃይል የሚያገኘው። እንግዲህ ጎማ የሚይዘው ቦታ ሁለት ብቻ አይደለም፣ ሦስት ነው። ቀጥ ብለህ ተሻገር የምልህ ለዚህ ነው።

በ1956 እ.ኤ.አ. አዲስ ኩባንያ ሥራውን ሲረከብ ኮንግረስ ትራሙን በአውቶቡስ እንዲተካ አዘዘው። ጃንዋሪ 28 ቀን 1962 የመጨረሻው ትራም ገባ። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ነበር የቀሩት። ያሳዝነኛል። በ14ኛው ጎዳና እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ትሄድ የነበረችው 54 ቁጥር አውቶቡስ ቁጥሯን የወረሰችው ከትራሙ ነበር። ታክሲ ሳልገዛ በፊት፣ ሌሊት ከሥራ ስወጣ በብርድ ቆሜ የምጠብቃት እሷን ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ጡረታ ወጥቼ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። ዕድሜዬን በዚያ ከተማ መንገድ ላይ ጨርሼ፣ ለልጄ አንድ ሀዲድ የማስረዳበት ጊዜ አጣሁ።

ስፌቱን ውሃ እንዳይነካው። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ተወግተህ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቅ። ሄልሜት ሳታደርግ እንዳትወጣ። ለእናትህ እኔው እነግራታለሁ፣ አንተ እንዳታስደነግጣት።

ቅዳሜ ስትደውል ቪዲዮውን ክፈተው፤ ክንድህን ልየው። የቀረህን ጥያቄም ጠይቀኝ። አሁን አልቸኩልም።

አባትህ