የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ አልነሳም ያሉት አራቱ ኮምፒውተሮች

ክበባችን ዘንድሮ ካከናወናቸው ሥራዎች አብዛኞቹን በአጭሩ ላንሳ። ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በአማርኛ ኪቦርድ የመጻፍ ሥልጠና ተሰጥቷል። የላይብረሪው የመጻሕፍት መዝገብ ወደ ኤክሴል ገብቶ አልቋል። በወላጆች ቀን የሚኒ ሚዲያውን ድምፅ ማጉያና ፕሮጀክተሩን አገናኝተው ዝግጅቱ እስኪያልቅ የተቆጣጠሩትም የእኛ ልጆች ናቸው። ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት የፈለግሁት ግን ከጥር ጀምሮ የክበቡን ጊዜ ከሞላ ጎደል የወሰደው የስድስቱ ሚኒ ኮምፒውተሮች ሥራ ነው።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ተማሪዎቻችን የሚለማመዱበት ተጨማሪ ማሽን ያስፈልግ ነበር። አሜሪካ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ይህን ሰምተው ስድስት የኢንቴል ኒውክ ሚኒ ኮምፒውተሮች ላኩልን። በአንድ እጅ መዳፍ የሚያዙ፣ ጎናቸው 12 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሳጥኖች ናቸው። ማዘርቦርዱና 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሩ አብረው ተገጥመው ይመጣሉ፤ ራም (ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) እና ሃርድ ዲስክ ግን ለብቻ ተፈልጎ የሚገጠም ነው። ወላጆች ከማይሠሩ ላፕቶፖቻቸው ያወጡትን ራም ላኩልን፣ የጎደለውን ከገበያ አሟላን። ካቻቢቴ ይዘው ብሎን ከመፍታት ጀምሮ የገጣጠሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

በእያንዳንዱ ማሽን አንድ አንድ ራም ገባበት። ሁለቱ ወዲያው ተነሱ። አራቱ ግን እምቢ አሉ፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ሞኒተሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ የፓወር መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ያርፍና ደግሞ ሦስት ጊዜ ብልጭ ይላል። ይህ ምልክት በእነዚህ ማሽኖች ላይ የራም ችግር መኖሩን ይናገራል። ስለዚህ ገመዱን፣ ሞኒተሩን፣ ሃርድ ዲስኩን እየነቀሉ ጊዜ ማጥፋት አላስፈለገም።

አስቀድመን አንድ ደንብ አወጣን። በአንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተቀየረውና የታየው ውጤት ሌላ ነገር ሳይነካ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ከተነሱት ማሽኖች ከአንዱ ላይ ራሙን አውጥተን አልነሳ ባሉት በአራቱ ላይ በየተራ፣ በሁለቱም ስሎት (የራም ማስገቢያ) ሞከርነው። አራቱም ተነሱ። ቦርዶቹ ከጥርጣሬ ነፃ ሆኑ፤ የቀሩት ተጠርጣሪዎች አራቱ ራሞች ብቻ ነበሩ።

የአንዱ ችግር ቀላል ነበር። ፒኖቹ (ከስሎቱ ጋር የሚነካኩት ወርቃማ ጥርሶች) ላይ የቆየ እድፍ ነበረበት። በለስላሳ ላጲስ ቀስ አድርገን አሸት አሸት አደረግነው፣ በአልኮል ጠረግነው፣ ከዚያ ወደ ስሎቱ አጋደል አድርገን አስገብተን የግራና የቀኙ መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ ወደ ታች ተጫንነው። ሠራ።

ሁለቱ ደግሞ በሁሉም ቦርድ ላይ እምቢ አሉ። እዚህ ላይ ልጆቹን ወደ ስቲከሩ መለስኳቸው። በሠሩት ራሞች ላይ «ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» ተብሎ ተጽፏል፣ በሁለቱ ላይ ግን «ፒሲ3-12800ኤስ»። ልዩነቱ አንዲት «ኤል» ናት። 12800 ራሙ በሰከንድ የሚያስተላልፈው የሜጋባይት መጠን ሲሆን በሁሉም ላይ እኩል ነው። «ኤል» ያለበት በ1.35 ቮልት ይሠራል፣ የሌለበት 1.5 ቮልት ይፈልጋል። የእኛ ማሽኖች የሚሰጡት 1.35 ቮልት ብቻ ነው። ችግሩን የሚያከብደው ሁለቱም ዓይነቶች 204 ፒን ያላቸውና በፒኖቹ መሐል ያለው ክፍተታቸው በአንድ ቦታ ላይ ያለ መሆኑ ነው፤ እጅ ምንም ልዩነት ሳይሰማው ይገጥማቸዋል። ከእነዚህ ቀጥሎ የመጣው የራም ዓይነት ዲዲአር4 ቢሆን ኖሮ ፒኖቹ 260 ስለሆኑና ክፍተቱ ሌላ ቦታ ላይ ስለሆነ ገና ከደጅ ይመለስ ነበር። አንድ ወላጅ የላኩት እንዲህ ያለ ነበርና በኃይል ከመጫን በፊት ልጆቹ ራሳቸው ለይተው አስቀመጡት።

አራተኛው ግን ሁላችንንም አደከመን። 8 ጊጋባይት ነው፣ «ኤል» አለው፣ ቮልቴጁ ትክክል ነው፣ ፒኖቹ ንጹሕ ናቸው። የማዘርቦርዱን ባትሪ አውጥተን ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም) ወደ መነሻው መለስነው። አዲሱን ባዮስ በፍላሽ ጭነን አዘመንነው። ሦስቱ ብልጭታዎች አልቀሩም።

መልሱን ያገኘችው የ10ኛ ክፍል ተማሪዋ የክበባችን ጸሐፊ ናት። የሚሠራውንና የማይሠራውን ባለ 8 ጊጋባይት ራም ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታያቸው ቆየችና ገለበጠቻቸው። የሚሠራው በሁለቱም ፊቱ ጥቋቁር ቺፖች አሉት፣ ሲቆጠሩ 16። በማይሠራው ላይ ያሉት 8 ብቻ ናቸው። ስቲከሮቹም ይህንኑ ይላሉ፤ በአንዱ ላይ «2አር×8»፣ በሌላው ላይ «1አር×8» ተጽፏል፤ እዚህ አንድ «አር» የስምንት ቺፖች ምድብ ነው። ልጆቹ ሰሌዳው ላይ አሰሉት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 8 ጊጋባይት ማለት 64 ጊጋቢት ነው። ለ16 ሲካፈል በእያንዳንዱ ቺፕ 4 ጊጋቢት ይደርሳል፣ ለ8 ሲካፈል ግን 8 ጊጋቢት። በ4ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው የሚሞሪ መቆጣጠሪያ የሚያውቀው እስከ 4 ጊጋቢት የሚይዝ ቺፕ ድረስ ነው፤ 8 ጊጋቢቱን መቀበል የጀመረው 5ኛው ትውልድ ነው። ገደቡ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ ባዮስ ማዘመን ሊፈታው አይችልም ነበር። ለማረጋገጥ ያንኑ ራም በአንድ መምህር ባለ 5ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ገጠምነው። ወዲያው ተነሳ፣ 8 ጊጋባይቱንም ሙሉ በሙሉ አሳየ። የዚያን ዕለት ክበቡ ውስጥ የነበረውን ደስታ ለመግለጽ ይከብደኛል። የ10ኛ ክፍል ልጅ አንድን ስህተት ተከትላ እስከ ቺፑ ውስጠኛ አሠራር ስትደርስ ማየት ለመምህር ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ነበር። መጀመሪያ ወዲያው ከተነሱት አንዱ፣ ልጆች እየሠሩበት ሳለ በድንገት ቀጥ ይል ጀመር። መነሳቱ ብቻ ራሙ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሜምቴስት86+ የተባለውን ነፃ የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ጭነን ሌሊቱን እንዲፈትሽ ተውነው፤ መብራት ከሄደ ፍተሻው ከመጀመሪያ ስለሚጀምር ማሽኑን ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል ከሚሰጥ መሣሪያ) ጋር አገናኘነው። ጠዋት ስንከፍት ሞኒተሩ በቀይ መስመሮች ተሞልቶ ነበር፤ ስህተቶቹም ተቀራራቢ በሆኑ አድራሻዎች ላይ ይደጋገማሉ። ራሙን ወደ ሁለተኛው ስሎት ብናዞረውም ስህተቱ ተከትሎት ሄደ። ከመጣልን ራም ሁሉ በእርግጥ የተበላሸው ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ይህን አጥብቄ የማነሳው «ሞቷል» ተብሎ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ብዙ ራም ጤነኛ ስለሆነ ነው። ባለ 1.5 ቮልቶቹን በኮምፒውተር ላባችን ባሉት ሁለት የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ጨመርናቸው፤ ላፕቶፖቹም ከበፊቱ በጣም ፈጥነዋል። ስምንት ቺፕ ያለው መምህሩ ላፕቶፕ ላይ ቀረ፣ በምትኩ መምህሩ የራሳቸውን ባለ 16 ቺፕ ሰጡን። ለቀሩት ማሽኖች ተስማሚውን ልጆቹ ከገበያ ስቲከር እያነበቡ ራሳቸው መርጠው አመጡ።

ስድስቱም ኮምፒውተሮች ሌሊቱን ሙሉ ተፈትሸው፣ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጭኖባቸው ከግንቦት ጀምሮ ላይብረሪ ውስጥ አገልግሎት እየሰጡ ነው። የሙከራው ደብተር በላቡ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ማንም ተማሪ ወስዶ ሊያነበው ይችላል።

ለመጪው ዓመት ወላጆችን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። ራም ከመላካችሁ በፊት የስቲከሩንና የሁለቱንም ፊት ፎቶ በስልክ አንስታችሁ በልጃችሁ በኩል አድርሱን። ለስድስቱ ማሽኖች ሁለተኛ ስሎት የምንፈልገው 204 ፒን ያለው፣ «ፒሲ3ኤል» የሚል፣ 4 ጊጋባይት ወይም ባለ 16 ቺፕ 8 ጊጋባይት ነው። ሌላ ዓይነት ካላችሁም አትጣሉት፤ ፎቶውን ላኩልንና የሚገባበትን ማሽን ክበቡ ይፈልግለታል።