ለእማዬ፣ ከቆስ ደሴት

ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመጣው ጎረቤቴ ናት። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለሰናይትም ቢሆን አታስነብቢ።

ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ብዬሽ እዚህ ባሕር ዳር መገኘቴ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። የአራት ሰው ቲኬት ወደ አገር ቤት ብናሰላው ብናሰላው አልሆን አለን፤ ይሄኛው አውሮፕላኑም አልጋውም ምግቡም አንድ ላይ የሚከፈል ስለሆነ ቀለለን። ቆስ ማለት ጳውሎስ በመርከብ ያለፈባት፣ ሐዋርያት ሥራ ላይ ስሟ የተጻፈው የግሪክ ደሴት ናት። ማታ ማታ የቱርክ መብራት ማዶ ይታያል።

ልጆቹን ብታያቸው! ሶስና ክንዷ ላይ የሚነፋውን ላስቲክ አውልቃ ትዋኛለች። የመጀመሪያው ቀን ውሃው አፏ ሲገባ ደንግጣ፣ “ማነው ጨው የጨመረበት?” አለችኝ። ናቲ ከአባቱ ጋር ብስክሌት ተከራይተው የባሕሩን ዳር ይዘው እስከ ቲጋኪ ሄደው ተመለሱ፤ ደርሶ መልስ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ እራት ላይ እንቅልፍ ጣለው። ከሰዓት በኋላ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነሳና ጥላውን ሁሉ ሲገለብጥ ወደ ከተማ እንወጣለን። የጥንቱ ሐኪም ሂፖክራተስ የተወለደው እዚህ ነው። ተማሪዎቹን ያስተምርበት ነበር የሚባል ዛፍ አለ፤ ግንዱ ተቦርቡሮ ቅርንጫፎቹ በብረት ተደግፈዋል። ዕድሜው 500 ዓመት ገደማ ነው ስለሚሉ የሱ ዘመን ዛፍ ሊሆን አይችልም፤ ለናቲ ግን ይህን አልነገርኩትም። “ለአያቴ ጉልበት መድኃኒት ያውቅ ነበር?” ብሎ ጠየቀኝ።

ለጉልበትሽ የሚሆነውንስ አግኝቼልሽ ነበር። ቴርማ የሚባል ቦታ አለ፤ ገደሉ ሥር ከድንጋይ ውስጥ ፍል ውሃ እየወጣ ወደ ባሕሩ ይፈስሳል። በትልልቅ ድንጋይ ክብ አድርገው አጥረውታል፤ ማዕበሉ ሲመጣ ቀዝቃዛው ገብቶ ይቀላቀልና ገላ የሚችለው ሙቀት ይሆናል። የዲኑ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍልውሃ እየወሰድሽ ጀርባዬን የምታሺኝ ትዝ አለኝ። ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት አሮጊት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ክፍት ቦታ አለ። እዚያ አንቺን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ግሪኮቹም አሁን ጾም ላይ ናቸው፤ ነገ የእመቤታችን በዓል ስለሆነ ይፈታሉ፣ የኛ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ፋቫ የሚሉት የአተር ክክ አላቸው፣ ወፍራም ሽሮ ቁጭ! በሱ ነው የምጾመው። አንቺ ግን የደም ግፊቱን መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታቆዪዋለሽ ወይስ ጠዋት ትውጪዋለሽ? የንስሐ አባትሽን ጠይቂ ብዬሽ ነበር። ጠየቅሽ?

ማክሰኞ ለታ ልጆቹን ለአባታቸው ትቼ በፈጣን ጀልባ ብቻዬን ፍጥሞ ደርሼ መጣሁ። አዎ፣ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ። እነሱ ፓትሞስ ይሏታል። ከወደቡ ሽቅብ በ1088 እንደ ፈረንጆቹ ወደ ተመሠረተው ገዳም ሲወጣ፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ነው ዋሻው። የሰጠሽኝን ነጠላ ለብሼ ገባሁ። ዓለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ድምፁ የመጣው በዚያ ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባል፣ ዙሪያው በብር የተለበጠ ጎድጓዳ አለ። ከፍ ብሎ ደግሞ ሲነሳ በእጁ ይይዘው ነበር የሚሉት ሌላ ጎድጓዳ አለ። እዚህኛው ፊት ስቆም እንባዬ መጣ። ያስለቀሰኝ ያንቺ እጅ ነው።

ባለፈው እሁድ በቪዲዮ ስናወራ ግራ እጅሽ ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር አየሁ። “ሽንኩርት ስከትፍ ነው” አልሽኝ። እማዬ፣ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው የእጁን ጀርባ አይቆርጥም። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው፤ ጉሉኮስ የተተከለበትን እጅ አውቀዋለሁ፣ ዳር ዳሩ እንዴት እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ሰናይትም ስልኩን ቶሎ ወደ መስኮቱ አዞረችና ጽጌረዳውን አሳየችኝ።

አባዬ ያረፈ ጊዜ ናቲ በሆዴ ነበር። ለኔ ብላችሁ እንደደበቃችሁኝ አውቃለሁ፤ አርባው ካለፈ በኋላ ሊያረዱኝ የመጡት ሽማግሌዎችም ይህንኑ ነገሩኝ። ግን የላክሁለትን ግራጫ ሹራብ ታስታውሺዋለሽ? “ደረሰው ወይ?” ስልሽ፣ “ደርሶታል፣ ልኩ ነው፣ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ሄደ” አልሽኝ። በኋላ ቀኑን ቆጠርኩት፤ ከተቀበረ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። አንቺ በሲንጀር የሰው ልብስ እየሰፋሽ ነው ያሳደግሽን፣ ይህን አልረሳሁም፤ ልክ ማለት ምን እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ አመንኩሽ። ያን ማታ ለባለቤቴ “ልኩ ነው አለች” እያልኩ ስስቅ አመሸሁ። አባቴ ሞቶ እየሳቅሁ አመሸሁ፣ እማዬ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ልነግርሽ ፈርቼ ኖርኩ።

አሁን ነፍሰ ጡር አይደለሁም። ምን አገኘሽ? ሐኪሙ ምን አለ? አልቆጣም። የአራት ሰው ቲኬት ነው ያቃተኝ እንጂ የአንድ ሰው አያቅተኝም፤ ከፍራንክፈርት ማታ ብሳፈር ጠዋት እቤት ነኝ።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ሻማ ከፍጥሞ የመጣ ነው። ደብዳቤው በደረሰሽ ማግስት እደውላለሁ። ያን ቀን ስልኩን ራስሽ ያዢውና ሁለቱንም እጅሽን አሳዪኝ።

ልጅሽ ምሕረት